ስለ ጋዝ ምርመራና ስለ ልጆቻችን ቤተ ሙከራ

ይህ የቤተ ሰብ ገጽ ዘወትር ለአንባቢዎቹ የሚያቀርበው ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ወጥ ቤት ንጽሕና፣ ስለ ጤና አጠባበቅና ይህን ስለ መሰለው ነገር እንደ ሆነ የታወቀ ነው። እኛም ዛሬ የምናመጣው ጉዳይ ከወጥ ቤትም ከትምህርት ቤትም የሚገኝ ስለ ሆነ ከገጹ የራቀ አይመስለንም፤ ይኸውም ልጆቻችን ኬሚስትሪ በሚማሩበት ቤተ ሙከራ ውስጥ ስለሚቀመጠው ጋዝ፣ ይልቁንም እርሱን በየጊዜው ስለ መመርመር ነው። ይህን የምንጽፍ እኛ የጋዝ ዐዋቂዎች አይደለንም፤ በሰሜን ወሎ፣ በሐራ የምንኖር፣ ዕድሜያችን ከ40 ያለፈ፣ እንጀራችንም የፍርድ ቤት ጽሕፈት የሆነ ነን። ፊደል የቆጠርነውና ዳዊት የደገምነው ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነው፤ ከዚያም በኋላ ወደ ሚስዮን ትምህርት ቤት ገብተን ጥቂት ሳይንስ ቀምሰናል። ከመጀመሪያው ቤት የቃልን ትርጕም መመርመር፣ ከሁለተኛው ቤት ያዩትን ነገር ሳይውል ሳያድር መጻፍ ለመድን፤ ከዚህ በታች የምንነግረው ነገር በደረሰብን ጊዜ ሁለቱም ልማዶች አስፈልገውናል።

እንግዲህ ከቃሉ እንጀምር። በሐራ ገበያ አንድ ሰው ሱቅ ገብቶ «ጋዝ ስጡኝ» ቢል ባለ ሱቁ የሚቀዳለት ላምባ ነው፤ ለኩራዝና ለፋኖስ የሚሆነው፣ ነጭ ጋዝ እየተባለ የሚጠራው ፈሳሽ ማለት ነው። ይህ ጋዝ በዓይን ይታያል፤ በጠርሙስ ይሰፈራል፤ ቢፈስም ወለሉን ያረጥባል፤ ዐመድ ወይም አሸዋ ቢነሰንሱበት ይመጠጣል። ሳይንስ ጋዝ የሚለው ግን ሌላ ነው። እርሱ እንደ አየር ያለ፣ ቅርጽ የሌለው፣ በገባበት ቤት የሚሰራጭ ነገር ነው። የከተማ ሰዎች ለማብሰያ የሚሆነውን ቡታ ጋዝ ብለው ለይተው ይጠሩታል፤ በትምህርት ቤት ግን በአጭሩ ጋዝ ይባላል። አንድ ቃል ሁለት ነገር መያዙ ለቅኔ መልካም ነው፤ ሰምና ወርቅ የሚገኘው ከዚህ ነውና። በእሳት አጠገብ ግን እንዲህ ያለው ሰምና ወርቅ ምን እንደሚያስከትል በገዛ ልጃችን አየነው።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ በገባ ጊዜ ብዙ ትምህርት ቤቶች እንደ ተዘረፉና እንደ ተጎዱ አንባቢዎች ያውቃሉ። ልጃችን የምትማርበት ትምህርት ቤትም የቤተ ሙከራውን ዕቃ ያጣው ያን ጊዜ ነው፤ ስሙን መጻፍ ግን አያስፈልግም፤ የምንጽፈው ለክስ አይደለምና። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቹ ኬሚስትሪን የሚያውቁት በሰሌዳ ላይ በተጻፈው ብቻ ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን ደጋግ ሰዎች አንድ የጋዝ ሲሊንደርና ሁለት ቡንሰን በርነር ስለ ሰጡ የቤተ ሙከራው በር ተከፈተ፤ ወላጆችም ሁላችን ደስ አለን። ቡንሰን በርነር የሚባለው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1855 ገደማ በጀርመን አገር በሃይደልበርግ ከተማ፣ በኬሚስቱ በሮበርት ቡንሰን ቤተ ሙከራ የተሠራ፣ ጋዝንና አየርን አስቀድሞ ቀላቅሎ የሚያነድ ትንሽ የብረት ማንደጃ ነው። ከሥሩ ያለችው የአየር ቀዳዳ ስትዘጋ ነበልባሉ ቢጫ ይሆናል፤ ስትከፈት ሰማያዊና ብርቱ ይሆናል።

በዚያው ዓመት በጥር ወር አንድ ቀን፣ ያን ጊዜ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የነበረችው ልጃችን ከትምህርት ቤት እየሮጠች መጣች። ሰማያዊው የመዳብ ሰልፌት በእሳት ሲሞቅ ውሃው ተንኖ ነጭ ዱቄት እንደሚሆን፣ ውሃ ጠብ ሲያደርጉበትም ወደ ሰማያዊነቱ እንደሚመለስ በዓይኗ አይታ ስለ ነበር ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ይህንኑ ስትነግረን ቆየችና በመጨረሻው «አባዬ፣ ራሴን ግን ያመኛል» አለች። እናቷ ዩኒፎርሟን ብታሸት እንደ በሰበሰ ሽንኩርት ሸተታት። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተነገረ።

ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ልጃችንና ሌሎች ሁለት ተማሪዎች ጠረጴዛውን ሊያጸዱ ቀርተው ነበር፤ አስተማሪው ወደ ሌላ ክፍል ሄደዋል። ሽታው እየበረታ በሄደ ጊዜ ከልጆቹ አንዱ ወጥቶ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ «ጋዝ እየፈሰሰ ነው!» ብሎ ጠራቸው። ዘበኛው ሽማግሌ ናቸው፤ ጠንቃቃም ናቸው። ይህን ሲሰሙ በአንድ ቆርቆሮ አሸዋ ሞሉ። መብራት ጠፍቶ የዋለበት ቀን ስለ ነበር፣ የቤተ ሙከራውም መስኮት የተሰበረ መስተዋቱ በካርቶን የተተካ ስለ ሆነ፣ ጋዙ የፈሰሰበትን ቦታ ለማየት በሌላው እጃቸው ሻማ ለኩሰው መጡ። ልጃችን ከበሩ ላይ «አባባ፣ እሳቱን!» ብላ ጮኸች። እርሳቸውም ከደጃፉ ቆም ብለው ወደ ውስጥ ተመለከቱና «የታለ ልጄ? ወለሉ ደረቅ ነው እኮ» አሉ። እግራቸውን ወደ ውስጥ ሳያነሡ ጋቢያቸውን ይዛ ወደ ግቢው ሳበቻቸው፤ አሸዋው ተደፋ፤ ሻማውም ከደጅ ወድቆ ጠፋ። በዚህ መካከል አስተማሪው በሩጫ ደርሰው የሲሊንደሩን መዝጊያ ዘጉ፤ በሩንም ወለል አድርገው ከፈቱት።

እኛ ይህን ሰምተን ሽማግሌውን የምንነቅፍበት ነገር አላገኘንም። በሚያውቁት ቋንቋ ጋዝ ፈሰሰ ተባሉ፤ ለፈሰሰ ጋዝ የሚሆነውን አሸዋ ይዘው መጡ፤ የፈሰሰውንም ለማየት ብርሃን ያዙ። ከዚህ የበለጠ ምን ያድርጉ? ሲሊንደሩ ወደ ግቢው በገባ ጊዜ፣ ይህ ጋዝ ያ ጋዝ አይደለም ብሎ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ልዩነቱንም አንባቢ እንዲረዳው ጥቂት እንግለጽ። በሲሊንደር ያለው ፕሮፔንና ቡቴን የሚባሉ ጋዞች ድብልቅ ሲሆን በግፊት ታምቆ ፈሳሽ ሆኖ የተቀመጠ ነው። አንዱ ሊትር ፈሳሽ ከሲሊንደሩ ወጥቶ ጋዝ ሲሆን ከ230 እስከ 270 ሊትር ያህል ይሆናል። ከአየር ይልቅም ከባድ ነው፤ ፕሮፔን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ቡቴን ሁለት እጥፍ ያህል ይመዝናል። ስለዚህ ወደ ላይ ወጥቶ በመስኮት አይሄድም፤ እንደ ውሃ ዝቅተኛውን ቦታ ፈልጎ በወለሉ ላይ ይተኛል፤ ከጠረጴዛ ሥርና ከሣጥን ውስጥም ይከማቻል። ከ100 እጅ አየር 2 እጅ ያህሉ ጋዝ ከሆነ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። የመብራት ማብሪያ ሲጫኑ በውስጡ የምትፈጠረው፣ ሰውም ልብ የማይላት ብልጭታ እንኳ ትበቃለች፤ ስለዚህ በዚያ ቀን መብራት ቢኖር ኖሮ ስጋት ባልነበረ የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ሽታውም የጋዙ የራሱ አይደለም። ጋዙ ሽታ ስለሌለው፣ ሰው እንዲነቃበት ሲባል መርካፕታን የሚባል የሚከረፋ ነገር በጥቂቱ ይጨመርበታል። አፍንጫ ደግሞ የማይጸና ምስክር ነው፤ መጀመሪያ ጮኾ ይናገራል፣ ጥቂት ቆይቶ ሽታውን ይለምድና ቃሉን ያጥፋል።

ስለ ሽታው ካነሣን አንድ የባዕድ አገር ነገር እንጨምር፤ ከልጃችን ራስ ምታት ጋር የሚገናኝ ነውና። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ማርች 18 ቀን 1937፣ በእኛ መጋቢት 9 ቀን 1929 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት ኒው ለንደን በሚባል ስፍራ አንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ፈነዳ። አስተዳዳሪዎቹ ወጪ ለመቀነስ ብለው በአቅራቢያው ከሚያልፈው የነዳጅ ሥራ መሥመር የሚተርፈውን ጋዝ ወደ ሕንጻው ስበው ነበር። ያ ጋዝ ሽታ አልነበረውም፤ ከወለሉ በታች ባለው ባዶ ቦታ ሾልኮ ተጠራቀመ። ተማሪዎቹ አስቀድመው ራሳችንን ያመናል ይሉ እንደ ነበር ተጽፏል፤ ቃላቸውን ከቁም ነገር የቈጠረው ግን አልነበረም። ከቀኑ 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ በእጅ ሥራ ክፍል አንድ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሲነሣ ብልጭታው ጋዙን አገኘውና ወደ 295 የሚሆኑ ተማሪዎችና አስተማሪዎች ሞቱ። የቴክሳስ ምክር ቤት ጋዝ እንዲሸት የሚያዝ ሕግ ያወጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሌሎችም ተከተሉት። በሐራ የልጃችንን አፍንጫ የመታው ክርፋት እንዲህ ባለ ዋጋ የተገዛ መሆኑን ያወቅነው ዘግይተን፣ ነገሩን ስናነብ ነው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። በሚስዮኑ ትምህርት ቤት ሳለን የሳይንስ አስተማሪያችን ሰኞ ሰኞ ጧት ከሁሉ ቀድመው ይመጡ ነበር። በአንድ ጣሳ የሳሙና ውሃ በጥብጠው የጋዙን ቧንቧና መገጣጠሚያውን ሁሉ በብሩሽ ይቀቡት ነበር፤ አረፋ የሚያብጥበት ቦታ ቢኖር ጋዝ የሚሾልከው ከዚያ ነውና። ከዚያም በበሩ ላይ በምስማር በተንጠለጠለው ካርቶን ላይ ቀኑንና ስማቸውን ይጽፋሉ። እኛ ልጆቹ ግን ነገሩ እየገረመን «ጋዝ አጣቢው» የሚል ስም አውጥተንላቸው ነበር። አንድ ጊዜ ደፍረን፣ ምንም ሳይገኝ ሁልጊዜ መጻፉ ምን ይጠቅማል ብለን ብንጠይቃቸው «ምንም እንዳልተገኘ በምን ታውቃላችሁ?» ብለው መለሱልን። ያን ጊዜ ቀልድ መስሎን ነበር። በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ከተቀመጥን በኋላ ግን ቀልድ እንዳልሆነ ተረዳን።

በማግሥቱ ከሥራ ፈቃድ ጠይቀን ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድን። ሙያ ልማድ ነውና ሰላምታ ከተሰጣጠን በኋላ የመጀመሪያው ቃላችን «እስቲ የምርመራውን መዝገብ ያሳዩን» የሚል ሆነ። አስተማሪው ወጣት ናቸው፤ ሳይሸሽጉ «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ መዝገብ የለም። እኔም ራሴ በትምህርቴ ዘመን ቡንሰን በርነር በእጄ የነካሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው» አሉን። እንዲህ ያለ መልስ በችሎት ብዙ ጊዜ አይሰማም፤ ስለዚህ አከበርናቸው። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ግን ወረቀትማ አለኝ ብሎ ሞዴል 19 ይዞ መጣ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ሞዴል 19 ዕቃ ገቢ የሚሆንበት ደረሰኝ ነው። «የጋዝ ሲሊንደር 1፣ በርነር 2፣ ጎማ 1 ሜትር» ይላል፤ የተረካቢውም ፊርማ አለበት። ሲሊንደሩ ቢጠፋ የሚጠየቀው ሰው በደኅና ተጽፏል፤ ሲሊንደሩ ልጆችን ቢያጠፋ የሚጠየቀው ግን አልተጻፈም።

ደግሞም ጎማው 1 ሜትር ብቻ ስለ ሆነ ወደ ሁለተኛው ጠረጴዛ አልደረሰም። ስለዚህ ከገበያ የአትክልት ማጠጫ ጎማ ተገዝቶ ተቀጥሏል፤ መቀጠያውም በሽቦ ታስሯል። ማን እንደ ቀጠለው ብንጠይቅ የሚያውቅ አልተገኘም። ሲሊንደሩ የሚቀመጠው ከአስተማሪው ጠረጴዛ ሥር ባለችው ቁም ሣጥን ውስጥ ሲሆን፣ እንዳይሰረቅ ተብሎ ይቈለፍበታል። ቁልፉ ያን ቀን ወዴት እንደ ነበር አልጠየቅንም፤ ሣጥኑ ተቈልፎ ቢሆን ኖሮ መዝጊያውን ማን ይደርስበት እንደ ነበር እያሰብን ዝም አልን።

እዚህ ላይ ስለ ሕግ ጥቂት ብንናገር ከሥራችን የተነሣ ይቅር ይባልልን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቍጥር 2069፣ የሚፈነዳ ወይም የሚመርዝ ነገር በመጠቀም ወይም በማከማቸት ሌላውን ሰው ከተለመደው ላለፈ አደጋ ያጋለጠ፣ አደጋው ደርሶ ጉዳት ቢያመጣ ኀላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። መልካም ሕግ ነው። ዳሩ ግን ልብ ብሎ ለሚያነበው፣ ይህ ሕግ አፉን የሚከፍተው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። የፍርድ ቤት ፋይል ሁሉ እንዲሁ ነው፤ እኛ ክር ሰፍተን ቍጥር የምንሰጠው ቤት ከተቃጠለ፣ ግንብ ከወደቀ፣ ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው። ስንት ጊዜ የምስክር ቃል ጽፈናል! ዳኛው «ከዚያ በፊት ዕቃው እንዴት ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ምስክሩም «ደኅና ነበር» ይላል። «ማን አየው? መቼስ አየው?» ሲባል ግን ምስክሩ ወደ ወለሉ ይመለከታል። «ደኅና ነበር» የሚለውን ቃል ብዕራችን እስኪሰለቸው ጽፎታል። የሚስዮኑ አስተማሪያችን ካርቶን ግን ምንም ሳይደርስ የሚከፈት ፋይል ነበር፤ ሁለቱ ጥያቄዎች ሳይጠየቁ ሰኞ ሰኞ ይመለሱበታልና።

አሁን የቀረው መርማሪ ማግኘት ነበር። በእንግሊዝ አገር የጋዝ ዕቃ ለመሥራት የሚነካ ሠራተኛ ስሙ በታወቀ መዝገብ የተጻፈ፣ መታወቂያም የያዘ መሆን አለበት፤ ይህም መዝገብ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ2009 ጀምሮ ጋዝ ሴፍ ይባላል። በሐራ ግን እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይመጣል? አስበን አስበን ትዝ ያለን ብየዳ ቤት ያለው ወጣት ሆነ። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ የሚደርሰው፣ ርዝመቱም ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የባቡር ሐዲድ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ የቱርክ ኩባንያ ሲሠራ፣ ይህ ልጅ ከሠራተኞቹ ጋር ውሎ የኦክሲጅንና የአሲቲሊን ሲሊንደር አያያዝ ተምሯል። በውነቱ የብየዳ ሠራተኛ የጋዝ መርማሪ አይደለም፤ እርሱም ራሱ ይህን አስቀድሞ ነገረን። ቢሆንም ስሙን ከማያውቅ የሚያውቅ ይሻላል ብለን ይዘነው ሄድን።

ልጁም ከሁሉ አስቀድሞ «ሲሊንደሩን ወደ ደጅ አውጡት» አለ። ወደ ፀሐይ ልናወጣው ስንል ደግሞ ከለከለንና ከጥላ አስቀመጠው፤ ሙቀት ሲጨምር በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ የሐራም ፀሐይ ምን ያህል እንደሚያቃጥል ለሚያውቃት አይነገርም። ከዚያም በኩባያ ኦሞ በጥብጦ አረፋውን በቀለም ብሩሽ ይቀባ ጀመር። ተማሪዎቹ ዙሪያውን ከበው እንደ ቡና ፍል ይጠብቃሉ። ከሬጉሌተሩ ራስ ላይ ምንም አልታየም። በሽቦ ከታሰረው መቀጠያ ላይ ግን አረፋው የእንቍላል ያህል አብጦ ፈነዳ፤ እንደገናም አበጠ። በአትክልቱ ጎማ መካከል፣ በዓይን የማትታይ ስንጥቅ ባለችበት ቦታ፣ እንደ ተልባ ፍሬ የደቀቀ አረፋ ተደረደረ። ከአንደኛውም በርነር ቧንቧ ሥር ጥቂት ታየ። ልጁ እንደ ነገረን ለውሃ የተሠራ ጎማ ጋዝ ሲያልፍበት ውሎ አድሮ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃልም። ለጋዝ ተብሎ የተሠራው ጎማ ግን የተሠራበት ዓመት ተጽፎበት ይወጣል፤ በብዙ አገር የተለመደውም በ5 ዓመት ውስጥ እንዲለወጥ ነው። አንድ ተማሪ ክብሪት ቢጫርበት ቶሎ ይታወቅ አልነበረምን ብሎ ጠየቀ። እንዲህ የሚያደርግ ሰው እንዳለ እኛም ሰምተናል፤ ልጁም የክንዱን የቃጠሎ ጠባሳ ገልጦ አሳየው እንጂ ሌላ መልስ አልሰጠውም።

በዚያ ቀን ማታ ወደ ቤታችን የተመለስነው በጥቂት ኩራት ነው፤ ይህን መሸሸግ አይገባንም። ለባለቤታችን ያየነውንና የተናገርነውን አንድ በአንድ ስንተርክላት ዝም ብላ ሰማችን። ከጨረስን በኋላ «አንተ የሰውን መዝገብ ስትጠይቅ ውለሃል፤ የእኛ ምድጃ መዝገብስ የት አለ?» አለችን። መልስ አልነበረንም። የቤታችን ሲሊንደር በ2009 ዓ.ም. ከወልድያ የገዛነው ነው፤ ጋዙ ሲገኝ እናስሞላዋለን፣ ሲጠፋ በከሰል እንሠራለን። ጎማውን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ አልለወጥነውም፤ አይተነውም አናውቅም። ልጃችን ተነሥታ ኦሞውን በጠበጠች። ሁለታችን ቆመን ስናይ ከሬጉሌተሩ በታች፣ ጎማው ከሚገባበት ቦታ ላይ፣ አረፋው ቀስ እያለ አበጠ። ከዚያ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት የከሰሉ ምድጃ ፍም ይዞ ነበር። ባለቤታችን ምንም ሳትናገር ፍሙን አንሥታ ወደ ደጅ አወጣችው።

ስለ ከሰልም ካነሣን፣ ብዙ እናቶች በብርድ ጊዜ ምድጃውን ወደ መኝታ ቤት ያስገባሉ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታ የለውም፤ የሚከረፋ ነገር የሚጨምርበትም የለም። ከደም ጋር የሚጣበቅበት ኀይል ከኦክሲጅን ከ200 እጥፍ በላይ ስለ ሆነ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። በዚህ የሳሙና አረፋም አይረዳም፤ ምድጃውን በደጅ ማሳደር ብቻ ነው።

ወደ ትምህርት ቤቱ ነገር እንመለስ። የአትክልቱ ጎማ ያን ቀን ተቈርጦ ተጣለ። ወላጆች ገንዘብ አዋጥተው ከወልድያ የጋዝ ጎማና የብረት ማሰሪያው ተገዛ። ለሲሊንደሩም ከቤተ ሙከራው ግድግዳ ውጭ፣ ከሥሩ ነፋስ የሚገባበት የቆርቆሮ ጥላ ተሠራለት። ቋሚ የሆነ የብረት ቧንቧና ከአስተማሪው ጠረጴዛ አጠገብ የሚሆን ዋና መዝጊያ እንዲሰጥ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ተጽፏል፤ ረቂቁን ያዘጋጀነው እኛ ነን፤ መልስ ግን ገና አልመጣም። እስከዚያው ድረስ በሁለተኛው ጠረጴዛ የሚቀመጡት ተማሪዎች በአልኮል መብራት ይሠራሉ፤ ነበልባሉ ደካማ ስለ ሆነ ይበሳጫሉ።

በበሩ ላይ ምን ይጻፍ በተባለ ጊዜ ብዙ ክርክር ሆነ። አስተማሪው «ከጋዝ ተጠንቀቅ» ይበቃል አሉ። ልጃችን ግን ዘበኛው ይጠየቁ አለች፤ ሽማግሌውም ተጠሩ። እርሳቸውም ነገሩን ደግመው ደጋግመው ጠየቁ፤ የሚታይ አይደለም? አይደለም። የሚያረጥብ አይደለም? አይደለም። ታዲያ ምኑ ይታወቃል? ሽታው። በመጨረሻው እርሳቸው እንዳሉት ተጻፈ፤ «ቡታ ጋዝ። የሚሸት አየር ነው። ሽታ ካለ፣ ወለሉ ደረቅ ቢሆንም፣ እሳት ይዘህ አትግባ፤ መብራትም አትንካ።» ከሥሩ አስተማሪው፣ መዝጊያውን ዝጋ፣ በሩን ክፈት፣ ሰውን ሁሉ አውጣ የሚል ጨመሩ። እኛ በፍርድ ቤት ብዙ ማስታወቂያ ለጥፈናል፤ እንደዚህ ያለ ግልጽ ቃል የጻፍንበት ጊዜ ግን ትዝ አይለንም።

መዝገቡ ተራ ደብተር ነው። ቀን፣ የታየው ነገር፣ የተገኘው ነገር፣ ያየው ሰው ስምና ፊርማ የሚል ዐምድ አስምረንለታል። ሰኞ ሰኞ ሁለት ተማሪዎች ከአስተማሪው ጋር ኦሞ በጥብጠው ያያሉ፤ ይጽፋሉ። ዘበኛውም ማታ ማታ በበሩ ስንጥቅ አሽትተው ያልፋሉ፤ ፊርማቸውንም ያኖራሉ። በሰኔ ወር ደብተሩን አምጥተው አሳዩን፤ አንድ ሰኞ ባዶ ሆኖ አገኘነው። የፈተና ሳምንት ስለ ነበር ተረስቷል። ከተማሪዎቹ አንዱ ብዕር አውጥቶ «ጋሼ፣ ያን ቀንም ደኅና ነበር፤ ልሙላው?» አለን። እኛም እንዳይሞላው ነገርነው፤ በባዶው መሥመር ላይ «አልታየም» ብለን ጻፍንና ፈረምንበት።